ሲስተር ሁሉ ነርስ አይደለችም

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ እኛ ሲስተር ያወጣችሁትን ዘገባ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሻዬ ቀዘቀዘ። የደብረ ብርሃን ብርድ ነው እንዳትሉኝ፣ እናንተ ናችሁ።

«አንጋፋ የጤና ባለሙያ» አላችኋቸው፤ ጥሩ። ቀጥላችሁ «ትዳር ሳይመሠርቱ ለምን ብቻቸውን እንደኖሩ ሊነግሩን አልፈለጉም» አላችሁ። ኧረ ጎበዝ! መነኩሲት እኮ ናቸው። የካቶሊክ መነኩሲት። ፎቶውን ያነሳው ሰው መስቀሉንና የራስ መሸፈኛውን ምን መስሎት ይሆን?

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ አገር ነርስ ሁሉ ሲስተር ናት፤ ጤና ጣቢያ ገብቶ «ሲስተር!» ብሎ ያልተጣራ የለም። ጋዜጠኛችሁም የሥራ መጠሪያ መስሎት አለፈው። እሳቸው ግን መርፌ ይዘው ባያውቁ፣ ወጥ ቤት ሲሠሩ ቢኖሩም ሲስተር ናቸው። ለድህነት፣ ለንጽሕና፣ ለመታዘዝ ቃል ገብተዋል። ደመወዝ ቢኖራቸው እንኳ የሚገባው ለማኅበራቸው ነው። ብቻቸውንም አልኖሩም፤ ከእህቶቻቸው ጋር አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ። ይቺን ብትጠይቁ ኖሮ ባል ፍለጋ ባልወጣችሁ።

የእናቴ እግር ያበጠ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሯ ስትሠራ የመጣባት ነው። ሰፈሩ ግን «የዘር ነው»፣ «ይጋባል» እያለ ቡና ስትጠራ ሲኒዋን ለብቻ ያስቀምጥ ነበር። አይጋባም፤ ግን ማን ሰምቶ! አንድ ቀን ሲስተር ቤታችን መጡ። ሳፋ አስቀረቡ፣ ውሃው ላይ በረኪና ጠብ ጠብ አደረጉ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው በጣቶቿ መሀል ሳይቀር በሳሙና አጠቧት። አድርቀው ቫዝሊን ቀቧት። ቡና ሲቀርብ ደግሞ ያቺኑ የእናቴን ሲኒ አንስተው ጠጡባት። ጎረቤቶቻችን በር ላይ ቆመው ያያሉ። በሚቀጥለው ቡና አንዷ መጥታ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። አንዷ ብቻ፣ ግን ተቀመጠች።

የዘገባችሁ ሲስተር «ጫማና ካልሲ ያከፋፍላሉ»። አዎ፣ እሱንም ያደርጋሉ።

እዚህ እኛ ካቶሊኮች ጥቂት ነን። ካቶሊክ ነኝ ስል «ጴንጤ ነህ?» እባላለሁ፤ አይደለሁም ስል «ታዲያ ምንድን ነህ?»። ትናንት የመጣን እንመስላለን። ጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ አባ ማስያስ ሸዋ የገቡት በ1860 ዓ.ም. ነው፤ የምኒልክ መቀመጫ በነበረችው ልቼ ላይ ከምኒልክ ጋር ተገናኝተው፣ ፈንጣጣ እየከተቡ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ኖረዋል። በእናንተ አንድ ሙሉ ገጽ ውስጥ ግን «ካቶሊክ» የሚል ቃል ስንቴ እንዳለ ቆጠርኩ። ዜሮ።

ማስተካከያ አውጡ። ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል ቢሆንም ግድ የለኝም። ዘገባውን ለሲስተር ሳነብላቸው ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «ያ ጋዜጠኛ ልጅ እያሳለ ነበር የሄደው፣ ተሻለው?» እኔ እንደሳቸው አይደለሁም። ማስተካከያውን እጠብቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን