ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው ገንዘብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በምሰበሰብበት ጉባኤ እሑድ እሑድ መባ ከሚቆጥሩት አንዷ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለምእመናን ወገኖቼ ነው፤ ቤተ እምነታቸው የትኛውም ይሁን። ስለ ገንዘብ ሲነሣ ቅር የሚለው አይጠፋም። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቆጠራ ላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ ያያል። ተጣጥፋ ተጣጥፋ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ኖት አለች፤ ቀስ ብለን ነው የምንዘረጋት። ከባንክ እንደወጣ ያልታጠፈ ገንዘብም አለ። አንዳንዴ ፖስታ ላይ በእርሳስ «ለታመመችው እህት» ተብሎ ተጽፎ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ስከፍት ሆዴ ይባባል።

ቆጥረን ስንጨርስ ገንዘቡ ባንክ ይገባል። አብዛኛውም እዚያው ይከርማል። ለምን ሲባል መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ ለክፉ ቀን። የደመወዝና የጥገና መጠባበቂያ መኖሩን አልቃወምም። ግን የማን ክፉ ቀን ነው የምንጠብቀው? ከመካከላችን ላንዱ እኮ ዛሬ ደርሷል።

ባሏ የሞተባት፣ ልጆች የምታሳድግ እህት ኪራይ መክፈል አቅቷት ከቤት ልትወጣ ሆነ። ነገሩ ስብሰባ ላይ ቀረበ። አንዱ «የበጀት ዓመቱ ይለፍና እንየው» አለ። ሌላው «ለእሷ ከሰጠን ነገ ሌላው ይመጣል» አለ። ሁለቱም ለጉባኤው የሚቆረቆሩ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ውይይቱ ሲጓተት ሁላችንም እማማ የምንላቸው አረጋዊት እጃቸውን አወጡ። «እኔ ጋ አንድ ክፍል አለች። ዕቃ ሞልቶባታል፤ ዕቃው ይውጣ» አሉ። ከዚያ ዞር ዞር ብለው «ማን ነው ዕቃ የሚያግዘኝ?» ሲሉ ወጣቶቹ ተነሡ። ኋላ ከተቀመጡት አንዱ «የልጆቹን ትምህርት ቤት ለእኔ ተዉት» አለ። ከጉባኤው ካዝና ምንም ሳይወጣ እናትየዋ ያን ሳምንት ከነልጆቿ ገባች። እማማ ተርፏቸው አይደለም። ክፍሏን አከራይተው ሊደጎሙባት ያሰቧት ነበረች።

ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8ን ሳነብ እኚህ እናት ናቸው ትዝ የሚሉኝ። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለተቸገሩ ክርስቲያኖች መዋጮ እያሰባሰበ ነው። የመቄዶንያ ምእመናን፣ እነ ፊልጵስዩስና ተሰሎንቄ ማለት ነው፣ ራሳቸው በመከራና በከባድ ድህነት ውስጥ ነበሩ። ግን «እኛም ይድረሰን» ብለው አጥብቀው የለመኑት እነሱ ናቸው። ከአቅማቸው በላይ ሰጡ። ከዚያም በፊት ራሳቸውን ለጌታ ሰጥተው ነበር። ቆሮንቶሶቹስ? የንግድ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ መዋጮውን ከዓመት በፊት ጀምረውት አልጨረሱትም። ጳውሎስም «ፈጽሙት» ይላቸዋል። እኛ የምንመስለው እነሱን ይመስለኛል። ፈቃዱ አለን፤ መፈጸሙ ላይ ነው የምንፈራው።

በድፍረት እንስጥ ስል «ስጡና እጥፍ ሆኖ ይመለስላችኋል» የሚለውን ስብከት ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እሱ ንግድ ነው። የሌላትን እናት ተበድራ እንድትሰጥ ማስጨነቅማ ኃጢአት ነው። ሁለት ናስ የጣለችውን መበለት ታሪክ ስንሰብክ ከማርቆስ 12 ቁጥር 41 እንጀምራለን። አንድ ቁጥር ከፍ ብንል ጌታ «የመበለቶችን ቤት የሚበሉ» ጻፎችን ሲገሥጽ እናገኘዋለን። ሁለቱ አብረው ይነበቡ። ጳውሎስም ቢሆን ስጦታ የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን ነው እንጂ እንደሌለው አይደለም ብሏል። ድፍረቱ የሚጠበቀው በመጀመሪያ ካለን ነው፤ እንደ ጉባኤም ካለን።

አንድ ጉባኤ ደፈር ካለ ምን ያህል እንደሚችል ለማወቅ የጥንቷን ከተማ አንጾኪያን ማየት ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዝነኛው ሰባኪ ዮሐንስ አፈወርቅ እዚያ ሲሰብክ ቤተ ክርስቲያኒቱ በየቀኑ የምትረዳቸው መበለቶችና ደናግል ዝርዝር 3,000 መድረሱን ተናግሯል። እስረኛው፣ በሽተኛው፣ እንግዳው ሳይቆጠር ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ገቢ ግን፣ በራሱ አነጋገር፣ እጅግ ሀብታም ያልሆነ የአንድ ባለጸጋ ገቢ ያህል ነበር። እንደዚህ የሚያወጡ 10 ሰዎች ቢገኙ በከተማው ድሃ አይኖርም ነበር ብሎም ወቅሷቸዋል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «አቅማችን ትንሽ ነው» ሲባል ውስጤ አይቀበለውም።

እርግጥ ሰው የሚደፍረው ሲያምን ነው። ገንዘቡ የት እንደገባ የማያውቅ ምእመን እጁን ቢሰበስብ አልፈርድበትም። ጳውሎስ እንኳ፣ ሐዋርያ ሆኖ፣ ስጦታውን ብቻውን አልያዘም። ቲቶን ከሌሎች ወንድሞች ጋር ላከ፤ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን አለ። ስለዚህ የሒሳብ ሪፖርቱ ተለጥፎ ይታይ። ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እንደ አመጸኛ አይታይ።

ስለ አገልግሎትም አንድ ነገር ልበል። ወንበር የሚደረድሩት ሁሌ እነዚያው ናቸው። የሚጠርጉት እነሱ፣ ሆስፒታል የሚያድሩት እነሱ። እኛ «እንጸልያለን» ብለን እንሄዳለን። ጸሎቱን አልናቅኩም። ግን በሽተኛው ሌሊት ውኃ የሚያቀብለው ሰው ይፈልጋል። በሐዋርያት ሥራ 6 መበለቶች በዕለታዊው እደላ ሲጓደልባቸው የተመረጡት ሰባቱ፣ እነ እስጢፋኖስና ፊልጶስ፣ መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው ሰዎች ነበሩ። ማዕድ ለማገልገል ነው እንዲህ ያሉ ሰዎች የተፈለጉት! በየጉባኤያችን ነርስ አለ፣ የሒሳብ ባለሙያ አለ፣ መምህር አለ፣ ጠበቃ አለ። አብዛኞቹን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። እነሱም እስኪጠየቁ አይጠብቁ።

የጉባኤ ሽማግሌዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የሚቀጥለው በጀት ሲዘጋጅ የችግረኞች ድርሻ ከመጨረሻው መስመር ተነሥቶ መጀመሪያ ላይ ይጻፍ። መጠኑም ሲነበብ «እንችለዋለን ወይ?» የሚያሰኝ ይሁን። የአዳራሹን ቀለምና የድምፅ ማጉያውን ጉዳይ ከዚያ በኋላ በቀረው እንነጋገርበታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመባ ቆጣሪ