ለሰናይት

ሰናይትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍታ «እንደምን ከረምሽ» የምትል ጓደኛ ለማንም አይስጥ። ለእማማ ለቅሶ እንኳን አልደረስኩም። ይቅር በይኝ። አንቺ ቂም መያዝ ስለማትችይበት ቶሎ ልለፈው፤ ስንገናኝ ማልቀሴ አይቀርም።

የጠፋሁት ማሙሽን ልደብቅ ብዬ ነው። በተገረዘ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ሲደማ «ዓይን ነው» ያልነው ዓይን አልነበረም። ሄሞፊሊያ ነው፤ ደሙ ቶሎ አይረጋም። የሚታመሙት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹ ናቸው፤ የምናወርሳቸው እኛ እናቶች። እናቴ ፎቶውን ከቡፌው ላይ የማታነሳው አጎቴም ለካ በዚሁ ነው የቀረው።

ሳቂብኝ፤ ሌሊቱን ስለ ሩሲያው አልጋ ወራሽ ስለ አሌክሴይ ሳነብ አድራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1904 ከአራት እኅቶቹ በኋላ ተወለደ፤ ገና በጨቅላነቱ እትብቱ ደማ። የእናቱ የአሌክሳንድራ ወንድምም በሕፃንነቱ በዚሁ በሽታ ሞቷል። እንዳይወድቅ ሁለት መርከበኞች እግር በእግር ይከተሉታል። በ1912 ስፓላ በተባለው የአደን ቤታቸው ሊሞት ደርሶ ቆርቦ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ያኔም የበሽታውን ስም ለሕዝብ አልተናገረም። እኔስ ላንቺ ተናገርኩ?

ዢልያርድ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መምህር ነበረው። ልጁ ሁልጊዜ እየተጠበቀ ራሱን መግዛት አይማርም ብሎ ወላጆቹን አሳመነ። ጥቂት ጊዜ ሰላም ሆነ። አንድ ቀን ግን ማጥኛ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ላይ ቆሞ ሳለ አዳለጠውና ቀኝ ጉልበቱን ከዕቃ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። በማግስቱ መራመድ አቃተው። ወላጆቹ መምህሩን በአንድ ቃል እንኳን አልወቀሱትም። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ።

እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሁሉ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬዋለሁ። ማሙሽ አይቶኝ «እማ፣ ግድግዳው ቀረሽ» አለኝ። ባለፈው ክረምት ከደረጃ ወድቆ ጉልበቱ እንደ ማንጎ አብጦ፣ ትኩሳቱ በሱሪው ላይ ለእጄ ይሰማኝ ነበር። ለአሌክሴይ ያልነበረው መድኃኒት ለእርሱ አለው፤ በደም ሥሩ ይሰጠዋል፣ በተገኘ ጊዜ።

እንግዲህ... እንዴት ልበልሽ? በመስከረም አንደኛ ክፍል ይገባል። አንድ ትምህርት ቤት እውነቱን ብነግራቸው ቦታ የለንም አሉኝ። አንቺ ክፍል ቢሆንስ? ኳሱን ይመልከት፣ ይሩጥም ትንሽ። ቢወድቅ አልወቅስሽም ብዬ ልምልልሽ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት።

ብቻ ጉልበቱን ከመታው በረዶ ያዢበትና ደውይልኝ። አይ፣ መጀመሪያ ደውይልኝ። ይኸው፣ ገና እሺ ሳትይ ማዘዝ ጀመርኩ።

ያቺው ጠፊዋ