ከጓሮዬ አፈር ጋር

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩልሽም፤ ሰበብም የለኝም። መጀመሪያ ከተማው ታመሰ፣ ስልክም ጠፋ። ስልኩ ሲመለስ ደግሞ አፈርኩ። ባፈርኩ ቁጥር ይበልጥ ቆየሁ።

ዛሬ ያስጻፈኝም አፈር ነው፤ ያኛው ሳይሆን እውነተኛው። በልጉ ዘግይቶብን ለድንች የቆፈርኩት መደብ ዱቄት ሆኗል። የወንድሜ ልጅ በእጇ ዘግና "አክስቴ፣ ይሄ እኮ የሞተ አፈር ነው" አለችኝ። እኔም መምህርነቴ ተነሳብኝና ስለ ጄማቲሞናዶታ ለፈለፍኩላት።

ስሙ ያስፈራል አይደል? የባክቴሪያ ፋይለም ነው፤ ፋይለም ማለት ብዙ ዝርያ የሚይዝ ሰፊ የዝምድና ምድብ ነው። ስፋቱ እንዲገባሽ፣ እኔና አንቺ ከሐይቅ ዓሣ ጋር በአንድ ፋይለም ነን። ከአፈር ባክቴሪያዎች በአማካይ 2 በመቶ ያህሉ እነዚህ ናቸው። ያም ሆኖ ለዓመታት የሚታወቁት ከየቦታው በተለቀመ ዲኤንኤ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው በስሙ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ያውም ጃፓን ውስጥ ከፍሳሽ ማጣሪያ ተገኝቶ! ብርቱካናማ ነው፤ ሲባዛ እምቡጥ ያወጣ ስለሚመስል ስሙን በላቲን "እምቡጥ" ከሚለው ቃል አወጡለት። ከፍሳሽ ይገኝ እንጂ ዘመዶቹ ደረቅ አፈር ይስማማቸዋል። እርጥበት ሲቀንስ ድርሻቸው ከፍ ይላል።

አንቺ ከገበሬ ጋር ስለምትውዪ ይሄን ስሚ። ማሳ ላይ የተበተነ ዩሪያ ሁሉ ጤፉ ጋ አይደርስም። ከፊሉን ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትረስ ኦክሳይድ ያደርጉታል። ይሄ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ እኩል ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። የጃፓኑ ብርቱካናማ ግን ጋዙን ወደ ተራ ናይትሮጅን መመለስ እንደሚችል በላብራቶሪ ታይቷል። ዩሪያውን ማን እንደሚበላው ስንጨቃጨቅ ይሄንን አናውቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ አንድ ዘመዱ ጎቢ በረሃ ካለ ሐይቅ ተገኘ። ከብርሃን ኃይል ያገኛል። የሚያስፈልገውን ጂን የወሰደው ከሌላ የባክቴሪያ ነገድ ነው፤ እኛ ከጎረቤት ስኳር እንደምንዋሰው በይው፣ መልሶ ግን አልሰጠም።

እኔም እነዚህን ከጓሮዬ አፈር ላሳድግ ብዬ አላረፍኩም። ድንች ቀቅዬ ውሃውን በጄላቲን አረጋሁና በብርጭቆ ክዳን ላይ ትንሽ አፈር ነሰነስኩበት። በሦስተኛው ቀን ነጭ ሻጋታ ሸፈነው። ፈጣኞቹ ምግቡን ይሻሙና እንደ ጄማቲሞናዶታ ያሉት ዝግተኞች አይታዩም። እናቴ "ቤቴን በሽታ ልትሞዪው ነው?" ብላ ክዳኑን ከነአፈሩ ወረወረችው። ክዳኑ የሻይ ብርጭቆዋ ክዳን መሆኑን ያወቀችው በኋላ ነው።

እስቲ ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ከማሳችሁ አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር በፌስታል ላኪልኝ። ላዩ ላይ "አፈር" ብለሽ ጻፊበት፤ እናቴ ሽሮ መስሏት እንዳትሠራው።

አክባሪሽ፣
ከጦሳ ግርጌ