አባባን ላተረፋችሁልን ሁሉ

አባባ ከሆስፒታል ወጥተው ዘጌ ቤታቸው ገብተዋል። ደሙ ቆሟል፤ ለስላሳ ምግብም መቅመስ ጀምረዋል። ስትደውሉና ስትጸልዩ ለከረማችሁ ወዳጅ ዘመዶች ይህን የምሥራች ላስቀድም።

ያን ሌሊት ደም ሲያስመልሳቸው ተሸክማችሁ ባሕር ዳር ያደረሳችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ ክፉ አይንካችሁ። ደም የለገሳችሁ የማናውቃችሁ ሰዎች፣ እናንተ ባትኖሩ አባባ ለምርመራው እንኳ ባልደረሱ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ሆድ ዕቃን በካሜራ የሚያዩበትን የኢንዶስኮፒ ክፍል ነው። አባባ ለዓመታት «ጨጓራ ነው» እየተባሉ ኦሜፕራዞል የሚባል የጨጓራ መድኃኒት ሲውጡ ኖረዋል። ደሙ ሲመጣም ጨጓራው ቆስሎ ይሆናል ተባለ። ዶክተሩ ግን «ሳናይ አንገምትም» አሉ። ጉሮሯቸውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ረጩላቸው። በግራ ጎናቸው አስተኟቸው። ከዚያ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፋቸው አስገብተው እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ድረስ አዩ። ጨጓራቸው ላይ ቁስል የለም! የሚደሙት የምግብ ቧንቧቸው ታችኛው ክፍል ላይ ያበጡ የደም ሥሮች ነበሩ። እዚያው፣ በዚያው ቱቦ፣ ሥሮቹን በትንንሽ ላስቲክ አሰሯቸው። ቢላ የለ፣ ስፌት የለ።

መነሻው ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ ነው። አባባ ወጣትነታቸውን ጣና ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ነው ያሳለፉት። የትሉ እጭ ውኃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። እንቁላሉ ጉበት ውስጥ እየተከማቸ ጠባሳ ይሠራል። በጉበት የሚያልፈው ደም መንገድ ሲጠብበት በምግብ ቧንቧው ሥሮች በኩል ይሄዳል፤ እነሱም አብጠው ይፈነዳሉ። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፣ የቆየውን ጠባሳ ግን አያጠፋውም። ዶክተሩ ይህን ሁሉ ለእናቴ ወረቀት ላይ ሥለው አስረዷት። በዚያ ወረፋ መሐል! መቼም አልረሳውም።

እጃቸውን ይዘሽ «አይዞዎት አባቴ፣ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ» ስትያቸው የነበርሽው ሲስተር፣ አባባ ስምሽን ሳይጠሩ አይጸልዩም።

የጣና ዳር ወገኖቼ፣ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳችሁ የጨጓራ መድኃኒት እየዋጣችሁ አትቆዩ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አባባ ሥሮቹ እስኪጠፉ ድረስ ለላስቲኩ መመላለስ አለባቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ እናቴም አብራ ትመጣለች፤ በአካል ልታመሰግናችሁ ትፈልጋለች። እስከዚያው እግዜር ይስጥልን።

ልጃቸው፣ ከመላው ቤተሰብ ጋር