ስለ «ካውቦዩ ጊታር» የተሰጠው ፍርድ ሚዛን ይጎድለዋል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ በቅርቡ የወጣውንና ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ ያለ ድምፃዊ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወቱ ወጣቶችን የሚነቅፈውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የወጣቶቹን ሥራ «ባዕድ የካውቦይ ጊታር» ካሉት በኋላ፣ ድምፃዊ የሌለበት ምሽት ዘፋኙ እስኪመጣ ጊዜ ከመግፋት እንደማያልፍ ደምድመዋል። በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል ባለች ጠባብ ክፍል አምፕሊፋየርና ስፒከር እየጠገንሁ የምኖር፣ ወጣቶቹንም ቀርቤ የሰማሁ ሰው እንደመሆኔ በሁለቱም ፍርዶች አልስማማም።

«ባዕድ» ከሚለው ልጀምር። ወጣቶቹ የሚከተሉት ስልት ስፓጌቲ ዌስተርን ተብለው የሚታወቁት የጣሊያን ፊልሞች ማጀቢያ፣ በባሕር ማዕበል ላይ በሚንሸራተቱ ወጣቶች ዘንድ የተወለደው የካሊፎርኒያው ሰርፍ ጊታርና የካንትሪ ሙዚቃ የተገናኙበት ነው፤ ከሦስቱ ውስጥ የአንድ አገር ብቻ ነው ሊባል የሚችል የለም። ጣሊያናዊው የፊልም ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሌዎኔ እ.ኤ.አ. በ1964 የዚህን ስልት መንገድ የከፈተውን ፊልም ሲሠራ የአሜሪካን ምዕራብ ያገኘው እስፔን ውስጥ፣ በአልሜሪያ ደረቅ ምድርና በማድሪድ አቅራቢያ ነበር። የያዘው በጀትም 200 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ፊልሙ አሜሪካዊ እንዲመስል ሲባል ዳይሬክተሩ ቦብ ሮበርትሰን፣ የሙዚቃው ደራሲ ኤንዮ ሞሪኮኔ ደግሞ ዳን ሳቪዮ ተብለው በፊልሙ የስም ዝርዝር ላይ ሰፍረዋል። በልጅነታችን በፒያሳ ሲኒማ ቤቶች «አክተሩ አይሞትም!» እያልን ስንጮህ፣ በማጀቢያው ሙዚቃ ያስጨነቀን ያ ፉጨት የሮማ ሰው ፉጨት መሆኑን የነገረን አልነበረም።

የሞሪኮኔ ብልሃት በእጁ ያለውን መጠቀሙ ነው። ብዙ ቫዮሊን የሚደረድርበት ገንዘብ ባልነበረበት ጊዜ ጅራፍ፣ ደወል፣ ኤሌክትሪክ ጊታርና የአሌሳንድሮ አሌሳንድሮኒን ፉጨት ጎን ለጎን አሰለፈ፤ እያንዳንዱ ድምፅ ብቻውን ጎልቶ እንዲሰማም በመካከሉ ሰፊ ዝምታ ተወ። በኋላ ኤዳ ዴል ኦርሶ የምትባለውን ባለ ረቂቅ ድምፅ ሴት ሲያስገባ እንኳ አንዲት ቃል አልሰጣትም፤ ድምፅዋን እንደ አንድ መሣሪያ ቆጥሮ ዜማውን ብቻ አስያዛት። የቃል መኖር አለመኖር የሙዚቃ መመዘኛ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ አንድ ነገር ጎደለ ብሎ ቅር በተሰኘ ነበር።

«ጊዜ መግፊያ» ለሚለው ደግሞ ከእነዚሁ ሰዎች ሥራ የተሻለ መልስ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1968 ለወጣው ትልቁ ፊልማቸው ሞሪኮኔ ዋና ዋና ዜማዎቹን የደረሰው ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ሌዎኔም ሙዚቃውን በቀረጻው ቦታ ላይ እያሰማ ተዋንያኑ በዜማው ልክ እንዲራመዱ፣ ዘወር እንዲሉ፣ ቆም እንዲሉ አድርጓል። እዚያ ላይ ትእዛዝ ሰጪው ሙዚቃው ነው፤ ተከታዩ ካሜራው ነው።

ሰርፍ ጊታርን በተመለከተ ለሙያዬ ስለሚቀርብ ትንሽ ልቆይበት። ከፊታውራሪዎቹ አንዱ የሆነው ዲክ ዴል አባቱ ሊባኖሳዊ ነበር፤ የአጎቱን ዑድ እየሰማም አድጓል። እ.ኤ.አ. በ1962 ያስቀረጸውና ስሙን የተከለለት «ሚሲርሉ» የተባለው ዜማ ቀደም ሲል በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ሕዝቦች ዘንድ የታወቀና እ.ኤ.አ. በ1927 በግሪክኛ በሸክላ የተቀረጸ ነው። ይህ ሰው ክሩን እንደ ከበሮ ስለሚደበድበው ብዙ አምፕሊፋየርና ስፒከር አቃጥሎ፣ ሊዮ ፌንደር የተባለውን የመሣሪያ ሠሪ የባሰ ጉልበት ያለው እንዲሠራለት አስገድዶታል። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1961 ለብቻው ሳጥን አድርጎ ያወጣው ሪቨርብ፣ ማለትም ድምፅን የሚያስተጋባው መሣሪያ፣ ደግሞ የሰርፍን ድምፅ ያንን እርጥበት የሰጠው ነው።

ወጣቶቹ ዘንድሮ አንድ አምፕሊፋየር «ድምፁ ደረቀብን» ብለው አምጥተውልኝ ነበር። ጀርባውን ስፈታ ከታች የተኛች፣ ከክንድ ብዙም የማትረዝም የቆርቆሮ ሳጥን አገኘሁ፤ በውስጧ ሁለት ቀጫጭን ሞላዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥረዋል። የጊታሩ ድምፅ በአንደኛው ጫፍ ያለውን ጥቃቅን ማግኔት ያንቀጠቅጣል፣ ንዝረቱ በሞላው ላይ ሄዶ ሌላኛው ጫፍ ሲደርስ ከፊሉ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ይህ ምልልስ ነው ጠባቧን ክፍል የሸለቆ ያህል ሰፊ የሚያስመስላት። አንደኛው ሞላ ከማንጠልጠያው ወልቆ ሌላኛው ላይ ተኝቶ ነበርና በወረንጦ መልሼ አስገባሁት፤ የላላችውንም ሽቦ በበየድኋት ጊዜ ድምፁ ተመለሰ። ሳጥኗ በእግር ስትነካ የምታወጣው ጉምጉምታ ነጎድጓድ ይመስላል፤ ልጆቹም ሆን ብለው በአንድ ሥራቸው መግቢያ ላይ ይጠቀሙበታል። እንዲህ ያለውን ብልሃት የሚያውቅ ተጫዋች «ዘፋኝ እስኪመጣ» የተቀመጠ ሰው አይደለም።

ይህ ዓይነቱ ፈጠራ በካንትሪ ወገን ባሉት ዘንድም ነበር። ዱዌን ኤዲ እ.ኤ.አ. በ1958 አካባቢ አሪዞና ውስጥ ያን ወፍራም የጊታር ድምፁን ሲያስቀርጽ፣ ባለሙያዎቹ 7,500 ሊትር ገደማ የሚይዝ ባዶ የውሃ ታንከር ገዝተው በአንድ በኩል ስፒከር፣ በሌላው በኩል ማይክሮፎን ከተውበታል። በከተማችን በየሰገነቱ ላይ ሮቶ ተደርድሮ ሳለ የኛዎቹ የድምፅ ባለሙያዎች ይህን ሳይሞክሩ መቅረታቸው ይገርመኛል። ስለ ካንትሪ ሌላ ብዙ ማለት አያሻኝም፤ ጂም ሪቭስንና ኬኒ ሮጀርስን በታክሲና በቡና ቤት እየሰማ የኖረ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሙዚቃ ባዕድ ነው ቢል እርስ በርሱ ይጋጭበታል።

ደግሞስ ባዕድነት ወንጀል ከሆነ ክሱ ማንን ይምራል? ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ትንፋሽ ሙዚቃቸውን ይዘው እዚችው ከተማ ሲገቡ መለከቱም ሆነ ትሮምቦኑ አገርኛ አልነበረም። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረው አልበም ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሰማው በኦርጋንና በኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎኑን ይዞ የሠራውን ማንም ከእኛ ሊነጥለው አይደፍርም።

ወጣቶቹ ላይ ትችት የለኝም ማለቴ አይደለም። ባርኔጣቸው አላስፈላጊ ነው፤ ለዚያች ትንሽ አዳራሽ የሚለቁት ድምፅም ከልክ በላይ ነው፣ ይህንንም በሙያዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ አልሰሙኝም። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓታቸው ከሌሎች የተቀዳ ስለሆነ ጸሐፊው እሱን ብቻ ሰምተው ወጥተው ከሆነ በከፊል አልፈርድባቸውም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከበሮው የፈረስ ግልቢያውን ይዞ ሲመጣ ቆይቶ ቀስ በቀስ ወደ ችክችካ ይዞራል፤ ዋሽንቱ ፉጨቱን ተክቶ በአንቺሆዬ ቅኝት ይገባል፤ ጊታሩም የክራር አመታት ይዞ ከሥር ይከተለዋል። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ትከሻቸው ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ይህ ቅጂ ነው ወይስ ድርሰት ነው የሚለውን ጥያቄ አንድ ሃያሲ ሊያነሳው የሚገባው እዚህ ላይ ነበር፤ በዓምዱ ላይ ግን ስለዚህ ክፍል አንድም መስመር አላነበብሁም።

የመሣሪያ ሙዚቃን እንደ ማሟያ የማየቱ ልማድ የጸሐፊው ብቻ ስላልሆነ እዚህ ላይ ማንሳቱ ተገቢ ነው። በየብሮድካስቱ ሕዝቡ «ክላሲካል» የሚለው ሙዚቃ ከዜና በፊት፣ በማስታወቂያ ሥርና በኀዘን መግለጫ ጊዜ ይለቀቃል፤ ደራሲው ማን እንደሆነ፣ ዋሽንቱን ወይም ጊታሩን የተጫወተው ማን እንደሆነ የሚነገርበት ጊዜ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የዘፋኙ ስም ግን በአንድ ዝግጅት ውስጥ ደጋግሞ ይጠራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲነት መብትን ሲያውቅ ቃል ያለውንና የሌለውን ሙዚቃ አልለየም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለዝግጅት ክፍላችሁ ነው። ሙዚቃ የሚያነብና የመሣሪያ ድምፅ የሚለይ ሰው መድባችሁ የወጣቶቹን ሙሉ ዝግጅት፣ በተለይም ሁለተኛውን ክፍል፣ እንደገና አስገምግሙ፤ ግምገማው ሲወጣም የእያንዳንዱን ሥራ ደራሲና ተጫዋች ስም አብራችሁ አትሙ። ነቀፋው ያኔም የሚጸና ከሆነ እኔም ሆንሁ ልጆቹ እንቀበለዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድምፅ መሣሪያዎች ጠጋኝ፣ ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ