አሮጌ ኮምፒውተር በኪሎ ከመሸጡ በፊት

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

«አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ወርቅ አለ» የሚል ዜና በየጊዜው ይወጣል። እውነት ነው፣ አለ። የቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች፣ 5,000 ገደማ የሚሆኑት በሙሉ፣ ሕዝብ ካስረከበው አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ በወጣ ብረት የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ዘመቻ የተገኘው ወርቅ 32 ኪሎ ነው፤ የተሰበሰበው ዕቃ ደግሞ ወደ 79,000 ቶን ይጠጋል። አንባቢ የወርቁን ቁጥር ብቻ ሲሰማ መዶሻና አሲድ ፍለጋ ይነሣል፣ በእጁ የነበረውንም ገንዘብ የሚያጣው ያኔ ነው። እባካችሁ ወደፊት ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አትሙልን። አሮጌ ኮምፒውተር ለመሸጥ ላሰበ ሰው የሚጠቅመውን ደግሞ እነሆ።

መጀመሪያ የሚጣራው ዕቃው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ነው። የሚሠራ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው)፣ ፕሮሰሰር (ስሌት የሚሠራው ዋናው ቺፕ) ወይም ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣው) በነጠላ ይሸጣል፤ የሞተው በኪሎ። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ርቀት በጣም ሰፊ ስለሆነ፣ ሳይሞከር የተፈታ ማሽን ሁሉ ኪሳራ ነው። ኬዙ ከመከፈቱ በፊት ማሽኑ ይብራ። ራሙን ሜምቴስት በሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ፈትሹት፤ የሃርድ ዲስኩን የጤና መረጃ አንብቡ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራና ተበላሽተው የተተኩ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) እንዳሉት ይነግራችኋል። ውጤቱን ፎቶ አንሡ። ይህን ማሳየት የሚችል ሻጭ ብዙ አይከራከርም።

ፕሮሰሰር ሲወጣ ብዙ ጥፋት ይደርሳል። እግሮቹ ከራሱ ከፕሮሰሰሩ ሥር በሆኑት ላይ፣ ለምሳሌ ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት (መሰኪያ) ላይ በሚገቡት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ዓመታት ያደረቁት የሙቀት ቅባት እንደ ሙጫ ይይዛል። ማቀዝቀዣውን ሽቅብ የሳበ ሰው ፕሮሰሰሩን እንደተቆለፈ ከሶኬቱ ይነቅለዋል፣ እግሮቹም ይታጠፋሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማሽኑን አሥር ደቂቃ ያህል ሥራ አብዝታችሁ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ ቅባቱ ሲላቀቅ በእጅ ይሰማል። በአብዛኞቹ የኢንቴል ቦርዶች ላይ ግን እግሮቹ ያሉት ሶኬቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ እንደወጣ የፕላስቲክ ክዳኑን መልሱበት፤ ክዳን የሌለውን ቦርድ የሚያውቅ ገዢ አይነካውም። ራምም ሆነ ፕሮሰሰር በተራ ፌስታል አይጠቀለልም፣ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ የሚከላከል ከረጢት ይፈልጋል።

ዲስክን በፈጣኑ መንገድ (ኩዊክ ፎርማት) ፎርማት ማድረግ መረጃን አያጠፋም፤ ማውጫውን ብቻ ነው የሚሰርዘው። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ በዜሮ መጻፍ ይበቃል፣ ለአንድ ቴራባይት ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የሚሽከረከር አካል በሌለው ዲስክ፣ በኤስኤስዲ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ መቆጣጠሪያው መረጃን ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ስለሚያዘዋውር ላዩን የተጻፈበት የመሰለው አሮጌ መረጃ ሥር ሊቀር ይችላል። ለእርሱ የአምራቹን የማጥፊያ ፕሮግራም ወይም ሴኪዩር ኢሬዝ የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። የተበላሸ ዲስክ ከሆነ ሳህኖቹን መስበር ነው፤ የላፕቶፕ ዲስክ ሳህን ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ያለ ዓይን መከላከያ አይሞከርም። ላፕቶፕ ስትሸጡ የባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሣው መነሻ ፕሮግራም) የይለፍ ቃሉንና የተያያዘውን አካውንት አንሡ። የተቆለፈ ላፕቶፕ ደህና ቢሆንም የሚገዛው በውዳቂ ዋጋ ነው።

አሁን በኪሎ ወደሚሄደው። ሁሉንም በአንድ ማዳበሪያ ጠቅጥቆ የሚወስድ ሰው በውስጡ ባለው በርካሹ ዋጋ ይከፈለዋል። ራም ለብቻ፣ ፕሮሰሰር ለብቻ፣ ማዘርቦርድ (ሁሉም የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) ለብቻ፣ ቡናማዎቹ የፓወር ሰፕላይ (የኤሌክትሪክ መስጫው ሣጥን) ቦርዶችም ለብቻ ይሁኑ። ከማዘርቦርዱ ላይ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣውን፣ ብረቱንና የሰዓቱን ክብ ባትሪ አውጡ፤ ገዢው የሚቀንሰው በእነዚህ ሰበብ ነው። የራሙን ወርቃማ ጠርዝ ግን አትቁረጡ። ጠርዙ የተለየበት ራም ደረጃው ይወርዳል፣ የተቆረጠችው ጠርዝ ደግሞ ብዙ ካልተጠራቀመች ገዢ አታገኝም። ፓወር ሰፕላይ ሳይከፈት ይሸጥ፤ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያከማቸው ትልቁ ካፓሲተር ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ገመድ አታቃጥሉ። የፕላስቲኩ ጭስ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ አለበት፤ መዳቡም ጠቁሮና ተሰባብሮ ስለሚወጣ ተልጦ ከቀረበው ያነሰ ይከፈልበታል። ወፍራሙን ላጡ፣ ቀጭኑን ከነልባሱ ሽጡ።

ወርቁን ለማውጣት ስለሚጠቀሙበት አሲድ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በራም ጠርዝ ላይ የተቀባው ወርቅ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን በታች ነው፤ የሰው ፀጉር እንኳ ከዚያ በብዙ አሥር እጥፍ ይወፍራል። ናይትሪክ አሲድ መዳብ ሲነካ የሚወጣው ቡናማ ጋዝ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው። የተነፈሰው ሰው ሲያስል ቆይቶ ይሻለዋል፣ ከሰዓታት በኋላ ግን ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ይችላል። መስኮት መክፈት አያድንም። የሚቀረውን መዳብ፣ እርሳስና ኒኬል የተቀላቀለበትን ፈሳሽ ደግሞ የሚረከብ የለም፤ መሬት ላይ ይደፋል፣ ከዚያም ወደ ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል። ይህ ሥራ በቤልጅየም ሆቦከን እንዳለው የኡሚኮር ኩባንያ ዓይነት፣ ጭሱን የሚያጣራ ትልቅ ማቅለጫ የሚሠራው ነው።

ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ ከቦርድ ጋር በአንድ ማዳበሪያ አይገባም፤ ተጭኖ ከተበሳ ይነዳል። ጫፎቹን በቴፕ ሸፍናችሁ፣ አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ለብቻው አስቀምጡት። አሮጌ ጠፍጣፋ ስክሪን ከጀርባው ሜርኩሪ ያለባቸው ቀጫጭን መብራቶች ሊኖሩት ይችላል፣ ሆዳሙ ስክሪን ደግሞ መስታወቱ ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱም ሳይሰበሩ ይሂዱ።

ከመውጣታችሁ በፊት በራሳችሁ ሚዛን መዝኑና ክብደቱን ጻፉ። ገዢውን ቦርዱ በመጨረሻ የት እንደሚደርስ ጠይቁት። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአደገኛ ቆሻሻ ዝውውርን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የባዝል ስምምነት መሠረት ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ድንበር የሚሻገረው ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ፈቃዱን ሲሰጥ ነው። ወደ ውጭ እልካለሁ የሚል ገዢ የፈቃድ ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ አሳየን ስትሉት ነገሩን የሚያድበሰብስ ከሆነ ቦርዱን ይዛችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ