ፎርማት የሁሉ መድኃኒት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጅማ ውስጥ፣ ከሂርማታ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ባሉት ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶችም ሆነ በየቢሮው፣ ኮምፒውተር በተንቀራፈፈ ቁጥር የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን። ችግሩ ግን ሁልጊዜ በዚህ አይፈታም።

መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን መስኮት፣ ክፈቱ። ምንም ሳይሠራበት «ዲስክ» የሚለው 100 ከመቶ ላይ ተገትሮ ከቆየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። የብዙ ላፕቶፖች ዲስክ በደቂቃ የሚዞረው 5400 ጊዜ ነው፤ ዊንዶውስ አሥር ጊዜ ቢጫንበት ፍጥነቱ ያው ነው። 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ይቀየርለት። «ሜሞሪ» የሚለው ሁልጊዜ ከ80 ከመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ የጎደለው ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ነው። ዲዲአር3 የሚባለው የራም ዓይነት በዲዲአር4 ቦታ አይገባምና አሮጌውን ነቅሎ ይዞ ሱቅ መሄድ ይሻላል።

ፎርማት የግድ ከሆነ ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሁሉ የተቀመጠው ሲ (ዊንዶውስ የሚጫንበት የዲስኩ ክፍል) ላይ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል። ወደ ዲ (ወደ ሌላው የዲስኩ ክፍል) መገልበጥ ከፎርማት ያተርፋል፤ ዲስኩ ከተበላሸ ግን ሲም ዲም ያው አንድ ዕቃ ናቸው፣ ስለዚህ ሌላ ቅጂ በውጭ ዲስክ ይያዝ።

ከፎርማት በኋላ የቆየ የአማርኛ ደብዳቤ ተከፍቶ የላቲን ፊደልና ምልክት ሲዥጎደጎድ «ቫይረስ በላው» ይባላል። ፋይሉ ደህና ነው! የተጻፈው ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አመዳደብ) ባልሆነ የድሮ ፎንት ስለነበር ፎንቱ ሲጠፋ ፊደሉም አብሮት ጠፋ። ስለዚህ ከፎርማት በፊት ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ፎንትስ» ገልብጡ። አዲሱን ጽሑፍ ግን በዩኒኮድ ፎንት፣ ለምሳሌ በኒያላ ወይም በኢብሪማ ጻፉ። የዊንዶውሱ የራሱ አማርኛ ኪቦርድ «ላንጉጅ» ውስጥ ይጨመራል፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ቋንቋ ያቀያይራሉ።

አፋን ኦሮሞ ሲጻፍ ዎርድ ገጹን በቀይ መስመር የሚያጥለቀልቀው እንግሊዝኛ መስሎት ነው። ጽሑፉን ሁሉ መርጦ «ሪቪው»፣ «ላንጉጅ» ገብቶ የፊደል ምርመራውን ማጥፋት ይበቃል።

የመብራት መጥፋትን በተመለከተ፣ ዎርድ ሳይነካ ከተተወ መጠባበቂያ የሚይዘው በየ10 ደቂቃው ነው፤ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ውስጥ ወደ 1 ዝቅ ይደረግ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ያላችሁ ደግሞ ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩበት። ማሞቂያው ሲነሳ የሚስበው ኃይል ብዙ ስለሆነ ዩፒኤሱን ጥሎት ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋል።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ጅማ